በቁሙ የተለቀሰለት ሸሃታ

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ማንም ባሌን ሸሃታን እንዳይወቅስብኝ።

ሠላሳ ዓመት መንዘላ ሐይቅ ላይ በጀልባ ኖረናል፤ እዚያው አብስለን፣ እዚያው ተኝተን፣ እዚያው ተጣልተን ታርቀን። ባሌ ሳንባው አልቆ ደም መትፋት ሲጀምር ግን አንድ ነገር ብቻ ፈለገ።

«ወደ ቤት፣ ወደ ማታሪያ ውሰጂኝ። ወህዳንን ሳላየው አልሞትም» አለኝ።

ወህዳን ታናሽ ወንድሙ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው በተከለከለ መረብ ያጠምዳሉ ብሎ ለባሕር ዘበኞች ጠቁሞብን የቀድሞው ትልቁ ጀልባችን ተወረሰ። ሸሃታ «አንተ ነህ» አለው፤ ወህዳን ቁርዓን ይዞ ማለ። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

በደህናው ጊዜ መንገዱ የሁለት ቀን ነበር። ዛሬ ሀብታሞቹ ሐይቁን ለዓሣ እርባታ በአጥር ቆራርጠው በየመተላለፊያው በረኛ አቁመዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ዞርን። ማታሪያ ከሩቅ እየታየችን መድረስ አቃተን። የመጨረሻው በረኛ፣ ረጀብ የሚባል ወጠምሻ፣ «እትዬ ኢንሳፍ፣ ለታመመ ሁሉ በር ብከፍት ኖሮ ሐይቁ በሙሉ ሲያስል ይውል ነበር» ብሎ ቀለደብኝ።

እኛ ዘንድ ሬሳ የጫነ ጀልባ ሸራው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያስራል። እሱን ያየ በረኛ አይከለክልም፤ ሬሳ ያስቆመ ሰው ዓሣው ያልቅበታል ይባላል። በማግስቱ ጠዋት ጥቁር መጎናጸፊያዬን አውልቄ ሰቀልኩት።

«አንቺ ሴት፣ በቁሜ ልትቀብሪኝ ነው?» አለ ሸሃታ።

«ዝም ብለህ ተኛ። ብታስል ወዮልህ!»

ሳቀ፤ ሳቁ ደም አመጣበት። አንሶላ አለበስኩት። ረጀብ አንገቱን ደፍቶ በሩን ከፈተና «አላህ ይማረው እትዬ፣ ትናንት የቀለድኩትን ይቅር በይኝ» አለ። አፈርኩ። ግን ቀዘፍኩ።

ማታሪያ ስንደርስ ዳርቻው ጥቁር በለበሰ ሰው ሞልቷል። ለካ ረጀብ ደውሎ ነበር! ገና ጀልባዋን ሳላስር ወህዳን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ መጣ፤ ዘሎ ወጣና አንሶላው ላይ ተደፋ።

«እኔ ነኝ ወንድሜ! የጠቆምኩብህ እኔ ነኝ! በሐሰት ነው የማልኩት! ይቅር በለኝ!» እያለ ፊቱን ነጨ። ይህን ሁሉ ሰው ሰማ።

ምነው ያኔ የባሌን እጅ ጠበቅ አድርጌ ይዤ «ትንሽ ቆይ» ባልኩት! ሰዉ እስኪበተን ብቻ። ሸሃታ ግን በደስታ አንሶላውን ገፈፈ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወህዳኔ!» ብሎ እጁን ዘረጋለት።

መጀመሪያ ሴቶቹ ጮኹ። ቀጥሎ ከዳር አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ወህዳን ተነሳ። እንባው ገና ፊቱ ላይ ነበር።

«ሕዝብ ፊት ልታስለፈልፉኝ ነው የመጣችሁት?» አለ።

«አይደለም፣ ወላሂ! ጥፋቱ የእኔ ነው…» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ተሻግሮኝ ሄደ።

ሸሃታ ሁለት ቀን ቆየ። ጀልባዋ ከወንድሙ ቤት መቶ እርምጃ እንኳ አትርቅም፤ የእግር ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል።

«መጣ?» ይለኛል።

«መንገድ ላይ ነው» እለዋለሁ። መዋሸት ለምጄ የለ! በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጠየቁን አቆመ።

ራሴ ሄጄ የወህዳንን በር አንኳኳሁ። ገርበብ አድርጎ አየኝ።

«ሞተ» አልኩት።

«አሁንስ የምሩን ነው?» አለኝ።

ወደ ጀልባዋ ተመለስኩ። ተከትሎኝ መጣ፤ ጀልባዋ ላይ ወጣ፤ አንሶላውን ገልጦ እጁን የወንድሙ አፍንጫ ሥር አድርጎ ብዙ ቆየ። ትንፋሽ እንደሌለ እስኪያረጋግጥ ድረስ አላለቀሰም።