ስሙን የሚሰማው ቅጠል

ይህን ታሪክ ለማውራት በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል ያሉ አባቶች አጥንታቸው እንዳይወቅሰኝ፣ የቅጠሉን ስም አልጠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ስሙን ሲሰማ ሥራውን ያቆማል።

ማንጠግቦሽ ይህን ያወቀችው በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ በባልደረቦቿ ፊት ነው። ከታላቅ ወንድሟ ከቢሻው የእግር ቁስል የተወሰደው ባክቴሪያ በክብ ሳህን ላይ እንደ እርጎ ረግቶ ነበር። ፋርማሲ ያለ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮበታል፤ አንዱንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የቅጠሉ ጭማቂ ብቻውን ጠብ ሲልበት ጥቂት አፈገፈገ። ከዱቄት እጅግ የደቀቀ የብር ናኖ ቅንጣት፣ የጌጡ ብር እንጂ የኪሱ አይደለም፣ ብቻውን ሲደረግበትም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ሸሸ፤ በጠብታው ዙሪያ እንደ አውድማ የጠራ ክብ ተከፈተ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ማንጠግቦሽ የቅጠሉን ስም ከወረቀቷ ጮክ ብላ አነበበች። ጭብጨባው ስለበዛ ስሙን የሰማ አልነበረም፤ ከቅጠሉ በቀር። ክቡ እንደ ዓይን ተከደነ።

ዝም ብላ ሞከረችው፤ ተከፈተ። በሹክሹክታ ጠራችው፤ ተዘጋ። አባቷ ቅጠሉን ለቢሻው ያሳዩት ስሙን ሳይጠሩ በአገጫቸው ጠቁመው እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላት። ስሙን ከወረቀቷ ሁሉ ፋቀችው።

የቢሻው እግር ሰኞ ሊቆረጥ ተቀጥሯል።

«ማንጤ» አላት አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ካልሆነልሽ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ለግራ ጫማዬ ሰው ልፈልግለት።»

ድብልቁ ለቁስሉ ይፈቀድ እንደሆነ ሊወስን የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ዶክተር ደምመላሽ፣ ስም የሌለው ቅጠል ሳይንስ ውስጥ እንደማይገባ፣ ያለ ስሙም አንድ ጠብታ ከላቦራቶሪው እንደማይወጣ በትሕትና አስረዱ። ስለ ክቡ መዘጋት ሲጠየቁ ቅጠሉ ሥነ ሥርዓት እንደሚጎድለው ተናገሩ።

«ስሙን ጥሪና ፈቃድሽን ውሰጂ።»

«አልጠራም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው እኛ እንጠራዋለን።»

ኮሚቴውም የአገሩን ዕፅዋት ከሀ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይጠራ ጀመር፤ አንዱ መምታቱ አይቀርምና። ድምፁ ቢሻው እስከተኛበት ሆስፒታል ይሰማል።

ማንጠግቦሽ የድብልቁን ብልቃጥ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። በሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ፈቃድ ጠየቃት።

«ባክቴሪያው ሲገባ ፈቃድ አሳይቶሃል?» አለችው። ዘበኛው እንዳላሳየው አስታወሰና አሳለፋት።

ቢሻው ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጠብቃታል።

«ወንድምጋሼ፣ የራስህን ተወው። የብልቃጡን ድፈንልኝ።»

ኮሚቴው ወደ ቅጠሉ ስም ሊደርስ አንድ ዕፅ ሲቀረው ጠብታው ቁስሉ ላይ አረፈ። የጠራው ክብ ቁስሉን ጠረገው። በዚያ አላቆመም። አንሶላውን አነጣ፤ ግድግዳውን አነጣ፤ በመስኮት ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ኮሚቴው አዳራሽ ገባ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

ሰኞ ቢሻው ሁለት ጫማውን ተጫምቶ ከእህቱ ጋር በአዳራሹ መስኮት አጮለቀ። ስብሰባው አልተበተነም። ዶክተር ደምመላሽ በማጉያው ፊት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በውስጡ ምላስም ጥርስም የለም፤ እንደ አውድማ የጠራ ነጭ ክብ ብቻ።

አደራ፣ ይህን ለማንም አታውሩ። ቅጠሉ ከአጥራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ይሰማል።