የእራቱ ግብር

ባልቻ ጁባ ውስጥ በር እየሠራ ነው የኖረው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የሮቶ መቆሚያ፤ ከብረት የሚወጣ ነገር ሁሉ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ባለችው ወርክሾፑ ውስጥ ይሠራል። ብየዳ የተማረው ነቀምት ነው። ሃምሳን ከተሻገረ ቆይቷል። ሚስቱ ሒሩት በአንዱ የተኩስ ሰሞን ልጆቹን ይዛ ወደ ነቀምት ተመለሰችና እዚያው ቀረች። አልተጣሉም። መጀመሪያ «እስኪረጋጋ» ተባለ፤ ቀጥሎ «ልጆቹ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም ማለቱን ተወው።

ኒምራ ታላታ ሰፈር የተከራየው ቤት ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። በያጁ ስምኦን ጓሮ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ያድራል። ምግብ የምታበስለው አረጋሽ በሌላው ታድራለች። የወርክሾፑ ኃላፊ ጋትሉዋክ ደግሞ ጋምቤላ ያደገ የአገሩ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከኑዌርኛና ከጁባ አረብኛ ጋር እያዋዛ ይናገራል። እሱ ቤተሰቡ ያለው ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት ነው፤ ሆኖም እራቱን ሳይበላ ሄዶ አያውቅም።

እራት የሁሉም ነበር። ባልቻ ሥራ ሲቀዘቅዝ ራሱ የበየደው ረጅም የብረት ጠረጴዛ አለ፤ አራቱም ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ባልቻ ይጸልያል፣ አረጋሽ አንድ ቀን ሽሮ አንድ ቀን የዓባይ አሳ ታቀርባለች፤ ከዚያ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ላሜራ ዋጋ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይወራል። የዘገየ ሰው ይጠበቃል። ቸርቹ ውስጥ «ባልቻ ቤት የሠራ ሰው አይቸገርም» ይባል ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ያልፋል፤ ውስጡን ግን ደስ ይለዋል።

ነገሩ የመጣው በትልቅ ሥራ ሰበብ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመጋዘኖቹ በሮች የሚሠራለት ሰው ይፈልግ ነበርና ባልቻን መረጠው። ውል ከመፈረሙ በፊት ግን የታክስ ክሊራንስ አምጣ አሉት። ባልቻ ሸሚዙን ቀይሮ ግብር ቢሮ ሄደ። ያስተናገደችው ሴት ትሕትና ያላት ሰው ነበረች። በአረብኛ ስለ ሠራተኞቹ ጠየቀችው፤ የሚከፍላቸውን ነገራት። እዚያ ላይ ቢያቆም ይበቃ ነበር። እሱ ግን ደሞዙ ትንሽ እንዳይመስላት ብሎ ጨመረበት።

«ደሞዙን ብቻ አትይ። ቤት ከእኔ ነው፣ ምግብ ከእኔ ነው፣ የስልክ ካርድ እሞላላቸዋለሁ፣ እሁድ ፒካፑን ይዘው የፈለጉበት ይሄዳሉ። ምንም አይጎድላቸውም።»

ሴትየዋ ቀና አለች። «እሱም ደሞዝ ነው» አለችው።

«እንዴት ሆኖ?»

«በገንዘብ ባትሰጣቸውም በዓይነት ሰጥተሃቸዋል። ይህ የዓይነት ጥቅም ይባላል። ዋጋውን ተምንና ከደሞዛቸው ጋር ደምረህ አምጣው። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለውም።»

ባልቻ ወጣ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተቀምጦ ወደ ሃይ ማላካል ሲመለስ ያሰበው ስለሚከፈለው ገንዘብ አልነበረም። የከነከነው ቃሉ ነው። እራት ደሞዝ ነው ማለት ምን ማለት ነው?

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ናዝራዊትን ፈለጋት። ናዝራዊት የአንድ ድርጅት የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ ከቸርቹ ሰው ብዙው የወረቀት ጉዳዩን የሚያማክራት እሷን ነው። ከዛፉ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ናዝዬ፣ እስቲ አስረጂኝ» አላት። «ሰው ማብላት ከመቼ ወዲህ ነው ደሞዝ የሆነው?»

ሳቀች፤ እሱ እንዳልሳቀ ስታይ አቆመች።

«ጋሽ ባልቻ፣ ለምሳሌ እኔን መሥሪያ ቤቴ ቤት ይከራይልኛል። እነሱ ባይከራዩልኝ ከኪሴ አውጥቼ እከራይ ነበር። ስለዚህ ቤቱ ደሞዜ ነው፤ መልኩን ቀይሮ መጣ እንጂ። ይህ ባይቆጠርማ አሠሪ ሁሉ ደሞዙን በዱቄትና በዘይት እያደረገ ከግብር ያመልጥ ነበር።»

«እኔ ላመልጥ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሕግ ግን የሰው ልብ አያይም፤ የሚያየው እጅ ላይ ያለውን ነው።»

«ታዲያ ለስምኦን የገዛሁለት የብየዳ መነጽርም ሊቆጠር ነው?»

«እሱ አይቆጠርም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ይህ ለሥራው ነው ለሰውየው? መነጽሩ፣ ጓንቱ፣ ብረት ሲጭን ፒካፑ፣ እነዚህ ለሥራው ናቸው። ፒካፑ እሁድ ስምኦንን ኮኞ ኮኞ ገበያ ሲወስደው ግን ለሰውየው ነው። ዘበኛ ንብረት ሊጠብቅ ግቢ ቢያድር አንድ ነገር ነው፤ በያጅ ማደሪያ ስለሌለው ቢያድር ሌላ ነው።»

«ምሳስ?»

«ምሳ ሥራ ቦታ ላይ ለሁሉም እኩል የሚቀርብ ከሆነ ሌላ አገር በተለየ ዓይን ሲያዩት አውቃለሁ። እዚህ እንዴት እንደሚያዩት ቢሮውን ራሱን ይጠይቁ፤ በግምት አይሂዱ።»

«እራቱስ?»

«እራቱ…» አለችና አሰበች። «እራቱ ለማን ነው ጋሽ ባልቻ?»

መዘምራኑ ድምፅ ማጉያውን እየነቀሉ ይጫጫሉ፤ ባልቻ ወደ እነሱ ዞሮ ያያቸው ጀመር።

«ሁለት መንገድ አለዎት» አለች ናዝራዊት ቀስ ብላ። «ወይ ቤቱንና ምግቡን ተምነው ግብሩን ያስባሉ፤ ወይ እሱን ያስቀሩና በምትኩ ደሞዛቸውን ይጨምሩላቸዋል፤ እንደፈለጉ ያድርጉት። በሁለቱም ግብር አለ። ከመወሰንዎ በፊት ግን እነሱን ይጠይቋቸው። ለእርስዎ ስጦታ የመሰለዎት ለእነሱ ደሞዝ ሊሆን ይችላል። ሰው ደግሞ በደሞዙ ራሱ መምረጥ ይወዳል።»

ወደ ቤት ሲሄድ አባቱ ስለ ድሮ ባላባቶች የሚያወሩት ትዝ አለው። ያኔ ግብር ሲባል ጌታው ድንኳን ጥሎ ያበላ ነበር። ዛሬ ያበላ ሰው በበላው ሰው ስም ግብር ያስባል። ብቻውን ፈገግ አለ። ይህን ለስምኦን እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ።

በማግስቱ እራት ላይ ነገሩን አነሣ። እንዲያውም የሚሉትን ያወቀ መስሎት ነበር፤ «እኛ ከዚህ የትም አንሄድም» የሚለውን ሊሰማ ቸኩሏል። የናዝራዊትን ቃል እየጠቀሰ በደንብ አስረዳቸው፤ ከዚያ «እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው» አለና እንጀራውን ቆረሰ።

ስምኦን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ እኔ ጥሬ ገንዘቡን ብወስድ እመርጣለሁ።»

«ጥሬውን?»

«ረድኤትን ላመጣት እፈልጋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ አብረን የኖርነው ትንሽ ነው። ሚስት ይዞ ደግሞ አለቃ ቤት አይገባም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ቤት ሰጥተውኝ ሳለ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ እንዴት እላለሁ?» አለ ስምኦን፤ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም።

ባልቻ ወደ ጋትሉዋክ ዞረ። ጋትሉዋክ ረጅም እግሮቹን ከጠረጴዛው ሥር ሰበሰበ።

«እኔ ማደሪያ አልወስድም፤ የኔ ነገር እራቱ ነው» አለ። «ከዚህ በልቼ ስነሣ መሽቷል። ድልድዩን ተሻግሬ ቤት ስደርስ ልጆቼ ተኝተዋል። እናታቸው ታስቀምጥልኛለች፤ ጠግቤያለሁ እላታለሁ። እሷም ዝም ትላለች። አንቺው ብትሆኚ አረጋሽ፣ ደስ ይልሻል?»

«ታዲያ ለምን ስትቆይ ኖርክ?» አለ ባልቻ።

ጋትሉዋክ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። የመለሰችው አረጋሽ ናት፤ ጨው አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ፣ ያለ ክፋት።

«ብቻዎን እንዳይበሉ ነዋ ጋሼ።»

ባልቻ ሳቀ። መሳቅ ያለበት መስሎት ነው። ከዚያ ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ፤ ቀና ሲል ሦስቱም እያዩት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የሚያበላ እሱ መስሎት ኖሯል።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ መልካም ነው።»

ቂም አልያዘም። የሰጠውን ነገር ሁሉ በሐቅ ተምኖ፣ ምንም ሳይሰስት፣ በደሞዛቸው ላይ ጨመረላቸው፤ ናዝራዊትም ግብሩን አሰበችለት። አረጋሽ «ሁለቱ ከሄዱ እኔ ለማን አበስላለሁ» ብላ ምሳ ብቻ ወርክሾፑ ላይ እየሠራች ማደሪያዋን ከቸርቹ ሴቶች ጋር ልታደርግ ወሰነች። ባልቻ «ለእኔ» ሊል አፉ ላይ መጥቶ ነበር። መልሶ ዋጠው።

ስምኦን በሄደበት ቀን ፍራሹን ፒካፑ ላይ ሲያስር ባልቻ አልጋውንም ውሰድ አለው።

«ይሄስ ግብር አለበት ጋሼ?» አለ ስምኦን፤ ሁለቱም ሳቁ። የድሮው ሳቅ ነበር። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ባልቻ የራሱን በር፣ በገዛ እጁ የበየደውን፣ ከውስጥ ዘጋው።

ክሊራንሱ ተሰጠው። ውሉ ተፈረመ። በሮቹም ተሠሩ፤ እንዲያውም ከእነዚህ በፊት ከሠራቸው ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ወርክሾፑ ውስጥ ቀን ቀን ሁሉም እንደ ቀድሞው ነው፤ ይሳሳቃሉ፣ አብረው ምሳ ይበላሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን እጃቸውን ይታጠባሉ፣ «ደህና እደሩ ጋሼ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ጋትሉዋክን ባልቻ እንዲህ ሲቻኮል አይቶት አያውቅም። አንዳንዴ ለልጆቹ ሙዝ ገዝቶ ያንጠለጥላል።

ኒምራ ታላታ ያለው ቤት ጭር አለ። የጎረቤት ጄኔሬተር ይሰማል፤ ያ ሲጠፋ የጎረቤት ልጆች ጩኸት ይሰማል። ባልቻ መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛው ላይ አቅርቦ ሊበላ ሞከረ፤ ከጫፉ ቢቀመጥ ቀሪው ረዘመበት፣ ከመሃል ቢቀመጥ በሁለት በኩል ባዶ ሆነበት። ከዚያ ወጥ ቤት ቆሞ መብላት ለመደ። ጸሎቱንም አሳጠረው፤ አሜን የሚል ሌላ ድምፅ ሲጠፋ ቃሉ ቶሎ ያልቃል። ቸርች ቢሄድ ሰው አለ፤ ነገር ግን «ባልቻ ቤት የሠራ ሰው አይቸገርም» ላለው ሁሉ ምን ብሎ ይነግረዋል?

ሒሩት ስትደውል «በልተሃል?» ትለዋለች። «በልቻለሁ» ይላታል። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፤ «ሰዎቹ አብረውህ ስላሉ ነው እኔ የማልጨነቀው።» ከዚያ በኋላ እንዴት ይንገራት?

ከክረምቱ በኋላ ረድኤት ከአገር ገባች። ስምኦን ይዟት ሊያስተዋውቃት መጣ፤ ጊዜው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን ዓይን ያላት ሴት ናት። ባልቻ ለስላሳ ገዝቶ አቀረበላቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አዲሱ ክፍላቸው ተጫወቱ። ረድኤት ስታወራ ዓይኗ ቤቱን ይዞር ነበር። ምድጃው ላይ የተደፋውን ድስት፣ አቧራ የጠጣውን የጠረጴዛ ጫፍ አየች።

«ጋሼ፣ ማን ያበስልልዎታል?» አለች በየዋህነት።

ስምኦን ወደ መሬት አየ።

«ሰው አለ» ሊል ነበር ባልቻ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር።

«ማንም» አላት። «ብቻዬን ነኝ።»

ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ረድኤት «እንግዲያው አንዳንድ ቀን እኛ ጋ ይምጡ» አለች፤ ባልቻም «እመጣለሁ» አለ። በእርግጥ አንድ ቀን ሄዷል። ባላቸው ብቸኛ ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ መጀመሪያ ለእሱ አቀረቡለት፣ እሱ እስኪጎርስ እጃቸውን አልሰደዱም። ባልና ሚስቱ በዓይን ሲጠቃቀሱ አየ፤ በክፋት አይደለም፣ አብሮ መኖርን ገና ያልጠገቡ ሰዎች ስለሆኑ ነው። የሚጠበቅ ሰው እንዳለው መስሎ ቶሎ ተነሣ። ለሰው ሲል ማዕድ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ፣ የጋትሉዋክ ነገር፣ ያን ጊዜ ገባው።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። የመጡበት ዕለት እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ቦዳ ቦዳው ሁለቱንም አሳፍሮ ሄደ፤ ረድኤት ወደ ኋላ ዞራ እጇን አወዛወዘች። ባልቻ ሲመለስ ከመንገዱ ጥግ ካለው ሱቅ ፉልና ዳቦ ገዛ። ባለሱቁ አብዱራሕማን «ኬፍ፣ ያ ሐበሻ?» ብሎ ደህንነቱን ጠየቀው፤ «ኩዌስ፣ ደህና ነኝ» ብሎ መለሰለት። ቤት ገብቶ ግቢው ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ሒሩት» አላት፣ «ሰዎቹ ሄደዋል።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ስምኦንም፣ አረጋሽም፣ ሁሉም። ከሄዱ ቆዩ። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው። አልተቋረጠም።

«ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ግብር ነው ነገሩ… ረጅም ነው።»

«ንገረኝ» አለች። «እየሰማሁህ ነው።»

እሱም ከግብር ቢሮዋ ሴት ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል፣ ይነግራት ጀመር።