የናሙኮሴ አውራ ጣት

ናሙኮሴ በኡጋንዳ ጂንጃ ከተማ ባለው ባንክ መስኮት ፊት ቆማ፣ የጡረታ ገንዘቧን ለማውጣት አውራ ጣቷን ለአራተኛ ጊዜ ማሽኑ ላይ ጫነች። ማሽኑ እምቢ አለ። ምን ያድርግ! ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር የተጎተተበት ጣት እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል።

ነገ ደግሞ ጡረተኛው ዋይስዋ ሽማግሌ ይዞ ቤቷ ይመጣል። በስልሳ ስምንት ዓመቷ ልትዳር ነው፣ እሰይ! ጎሜሲ ቀሚሷ ግን ልብስ ሰፊው ዘንድ ተይዟል፤ እሱ ሰውዬ ገንዘብ ሳያይ ክር አይለቅም። ዛሬ ካልተከፈላት ሙሽራዋ በአሮጌ የሥራ ካፖርት ልትቀርብ ነው።

ካምፓላ ተወልዶ ያደገው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ኪጎዚ ወጥቶ መታወቂያዋን አየ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፎቶው ላይ ያለችው ኮረዳ ናት።»

«ታዲያ እኔ ነኛ! ዕድሜ እንደ ገንዘብ ባንክ አይቀመጥ፣ ምን ላድርግ?»

ኪጎዚ በሌላው እጁ ወረቀት ይዟል። የቅርንጫፉ ሃምሳኛ ዓመት ቅዳሜ ይከበራል፤ ታሪኩን ጻፍ ተብሏል፤ የድሮውን መዝገብ ግን ዝናብ አበስብሶታል። ወረቀቱ ላይ ያለው «ቅርንጫፉ ተከፈተ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ይኸው ነው?» አለች ናሙኮሴ ወረቀቱን አይታ፣ ንዴቷ መጥቶ። «ቅርንጫፉ የተከፈተው በጥጥ መጋዘን ውስጥ መሆኑንስ? ሠራተኞቹ እያስነጠሱ ገንዘብ ሲቆጥሩ! ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ በሩ ላይ የተኛ ዕለት የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እናቱን ሲጣራስ? እኛ የፋብሪካው ጥጥ ፈታዮች ደግሞ ጫማችንን ሰልፍ አስይዘን ወደ ፋብሪካ እንመለስ ነበር። ዘበኛው ሰልፉ ሲሄድ ጫማውን በእግሩ ወደፊት ይገፋልናል። አንድ ቀን የኔን አንድ እግር ብቻ ገፍቶ፣ ግማሽ ሰው መጣ ተብሎ ተሳቀብኝ!»

ኪጎዚ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ ጻፈ። ገንዘብ ከፋዮቹም ሥራቸውን ትተው ከበቧት።

«እማማ፣ መጨረሻው ላይ በአሻራዎ ያረጋግጡልኝ። አለዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈጠርከው ይለኛል።»

ናሙኮሴ አውራ ጣቷን ጨብጣ ደበቀች።

«የማንን አሻራ? ለገንዘቤ ያላወቅኸኝ ለወሬዬ ከየት አወቅኸኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኪጎዚ አንገቱን ደፋ፤ አፈረ። ከዚያ ወደ አንዱ ከፋይ ዞረ።

«በእኔ ምስክርነት ክፈላቸው። ፎርሙን አምጣ።»

ከፋዩ ብዕሩን አነሳ። «ጌታዬ፣ ‹ምስክሩ ከመቼ ጀምሮ ያውቋቸዋል› ይላል። ምን ልበል?»

ኪጎዚ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ወደዚህ ቅርንጫፍ የተዛወረው ባለፈው ወር ነው።

«ከጥጥ መጋዘኑ ጀምሮ በል» አለው።