በነፍስ ወከፍ ሁለት ዶሮ

ቦጂያ በአምቦ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። በ1974 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘመተ። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ከባኮ አራት ነጫጭ ጫጩቶች አምጥቶ ለሚስቱ ለኡርጌ፣ «ግቢው ጭር እንዳይልብሽ» አላት። ልጅ አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ዓመት ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር፤ ከዚያ ተቋረጠ። ኡርጌ ጠዋት ጠዋት ጥሬ እየበተነች ለዶሮዎቹ ታወራላቸው ነበር፤ በብዛት ስለ እሱ።

በ1977 መስከረም ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ዶሮ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የጎመን ችግኝ እየጫረ ፈጀ፣ የዶሮ በሽታው ፈንግልም ገብቷል ተባለ። ከእንግዲህ ማንም ዶሮውን ሳይከልል እንዳይለቅ፣ የሚፈቀደውም በቤቱ ለሚኖር ሰው በነፍስ ወከፍ ሁለት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

በሳምንቱ የቀበሌው ጸሐፊ መርጋ አሮጌውንና አዲሱን መዝገብ ይዞ መጣ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ኡርጌ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት።

«ፈያ፣ ጌታ ይመስገን። ግባ።»

ዶሮዎቹን ቆጠረ። «አራት ናቸው። እርስዎ ብቻዎን ስለሆኑ ሁለቱን ማስወገድ ሊኖርብዎት ነው።»

«ብቻዬን አይደለሁም። ከቦጂያ ጋር ነኝ።»

መርጋ አቀርቅሮ አሮጌውን መዝገብ አገላበጠ። «አዴ፣ የሚመዘገበው እዚህ የሚያድር ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሆነው እኮ።»

«ታዲያ ሌላ የት ቤት አለው?»

በአሮጌው መዝገብ ላይ ቦጂያ ኤጄታ የሚለው ስም ከላይ፣ የእሷ ደግሞ ከሥሩ ተጽፎ ነበር። ኡርጌ ጎንበስ ብላ አየችው። ስሙን በሰው እጅ ተጽፎ ካየች ቆይታለች።

«ወደ አዲሱ ስገለብጥ የሌለ ሰው ጻፍክ ተብዬ እጠየቃለሁ» አለ መርጋ ዝግ ብሎ። «በዶሮ ምክንያት።»

«እንግዲያው ዶሮ አይኑረኝ። አራቱንም አወጣለሁ። ስሙን ግን እንደነበረ ጻፈው።»

መርጋ አዲሱን መዝገብ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ «ቦጂያ ኤጄታ፣ ዘማች» ብሎ ጻፈ። በዶሮው ረድፍ «የለም» ብሎ ሞላ።

ያን ቀን ከሰዓት ኡርጌ ዶሮዎቹን በቅርጫት ይዛ ጎረቤቷ አዚዛ ዘንድ ሄደች። አዚዛ ባለ ሱቅ ናት፤ ሰባት ልጆች ስላሏት ደንቡ አያስቸግራትም።

«ሁለቱን እንኳ አስቀሪ እንጂ፤ ለአንቺ ይፈቀድልሽ የለ?» አለቻት።

«ሁለት ካስቀረሁ ብቻዬን ነኝ ብዬ መፈረሜ ነው።»

አዚዛ ቅርጫቱን ተቀብላ፣ «ባሰኘሽ ጊዜ እየመጣሽ እያቸው» አለች።

ኡርጌ ግን ብዙም አልሄደችም። ለረጅም ጊዜ ጠዋት ስትነሳ እጇ ወደ ጥሬው ጣሳ ይሄድ ነበር። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

በ1983 ክረምት ሲገባ የተበተኑ ወታደሮች በአስፋልቱ ወደ ምዕራብ ማለፍ ጀመሩ። ኡርጌ ውሃ በጆግ ይዛ ትወጣና ያንኑ ስም ትጠይቃለች። አብዛኞቹ አያውቁትም። አንድ አገሩ ሸነን የሆነ ወታደር ግን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ቦጂያ የሚሉት ድሬሰር ይኼን እግሬን አክሞኛል። አምና ከረን ነበር» አላት።

«ከስቷል?»

«ሁላችንም ከስተናል፣ እናቴ።»

«ደህና ነበር ግን?»

«እሱስ ደህና ነበር።»

ደግሞ እንዲነግራት ለመነችው፤ ነገራት። ሲሄድ በዓይኗ ሸኘችው። በማግስቱም ማለዳ ጆጉን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቆመች።