እጀታው ሥር የቀረ ስለት

ረዲ ከወሎ ወርዶ አዋሽ ከተማ ውስጥ ስለት መሳል ከጀመረ ወዲህ፣ ስለት ግደልልኝ ብሎ የመጣ ሰው ገጥሞት አያውቅም። የሆቴሎቹን ቢላዋ፣ የልብስ ሰፊዎቹን መቀስ፣ የአፋሮቹን ጊሌ ሲስል ነው የኖረው። አሁን ግን ሽማግሌው ሀምዳ አንድ አሮጌ ጊሌ ከአፎቱ መዝዘው ሰጡትና፣ «አዶልድምልኝ» አሉት።

«ያ ረቢ፣ አባ ሀምዳ! ይህን የመሰለ ጩቤ?»

«የሟቹ ልጄ የኢስማኤል ነው። የእሱ ልጅ ሰመራ ከተማ ሊያገባ ነው፤ የአባቱን ጊሌ ወገቡ ላይ የማስርለት እኔ ነኝ። ኬላው ላይ የተሳለ ከሆነ ይወረሳል፤ የደነዘ ግን የባህል ጌጥ ተብሎ ያልፋል አሉን። ምነው፣ ሞረድህ መሳል እንጂ ማዶልዶም አያውቅም እንዴ?»

ረዲ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ጫፉን አዶለዶመ፤ ግራና ቀኙን ጠርዝ እየሞረደ ወደ እጀታው ወረደ። እዚያ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። ቀጥቃጩ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ከእርሱ በፊት ስንት እጅ የደከመበት ብረት ነው። ከእጀታው ሥር ጣት የማታክል ስለት ሳይነካ ተወና፣ «እዚህ ድረስ ማን ይፈትሻል» ብሎ ራሱን አጽናና። ለሽማግሌው አልነገራቸውም።

ሀምዳ ከሰርጉ ሲመለሱ ወደ ረዲ ሱቅ መጡ፤ ጊሌው አብሯቸው አልነበረም።

«ፈታሹ ወረቀት አወጣ» አሉ፣ የቀረበላቸውን ወንበር ሳይቀበሉ። «ከጫፉ ጀምሮ ሞከረው፤ አልቆረጠም። እጀታው ሥር ሲደርስ ወረቀቱ ለሁለት ተከፈለ። ስለት የለውም ብዬ ምዬ ነበር፤ በሰው ፊት ዋሾ ሆንሁ። የልጅ ልጄም ባዶ አፎት ታጥቆ አገባ።»

«ብረቱ አሳዝኖኝ ነው፣ አባ ሀምዳ።»

«ለብረቱ አዘንህ። እስከ አዋሽ አርባ የሚያገኘኝ ሁሉ ዳጉ፣ ምን ወሬ አለ ይለኛል። ወሬ ተጠይቆ ቀንሶ መናገር በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ ታውቃለህ። ስምህን እጠራለሁ።»

«ይጥሩት።»

«አዝነህ እንዳደረግኸውም እናገራለሁ።»

ቢቆጡት በወደደ ነበር። ሽማግሌው ወጥተው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ሄዱ። ጥቂት እንደተራመዱ አንድ ፍየል ነጂ እጁን ዘረጋላቸው። ረዲ ከደጃፉ ቆሞ አየ። ሰላምታው ረዘመ፤ ወሬው ተጀመረ፤ ከዚያ ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ሱቁ ተመለከተ።