የከረሜላው ተከሳሽ

ጸሐፊው ለልጅቷ ከረሜላ ሰጥተው አያውቁም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ምክንያቱም ትንሽ ቆይቶ ሰጥቻለሁ ብለው በገዛ አፋቸው ያምናሉ።

«ጸሐፊው» ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጠው የሰው ቃል ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በጡረታቸው ማግስት ራሳቸውን በአዲስ ሥራ ሾሙ፤ በየጠዋቱ ከሁለት መንገድ ወዲያ ካለው ቤታቸው እየመጡ የልጃቸውን ልጅ ድንቡሼን ከአራተኛ ፎቅ አውርደው ከሕንጻው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ማንሸራሸር። ድንቡሼ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ደጅ የምትወጣው ለክትባት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። እናትና አባቷ ሥራ ይውላሉ፤ ሞግዚቷ ደግሞ ከሌባም ከእሳትም ይልቅ ብርድ የምትፈራ ሴት ስለሆነች መስኮት እንኳ ከፍታ አታውቅም።

በሁለተኛው ወር የድንቡሼ የፊት ጥርሶች ቡኒ ሆኑ። አንደኛው ዳቦ ስትገምጥ ተሸርፎ ዳቦው ላይ ቀረ። እናቷ፣ የጸሐፊው ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እሁድ ከሰዓት ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ጉዳዩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ያዘችው።

«እኔ ጣፋጭ አልሰጣትም። አባቷም አይሰጣትም። ሞግዚቷ በልጆቿ ምላለች። አዲስ የመጣው ነገር ምንድን ነው? አንተ ነህ አባዬ።»

«ሜዳውም አዲስ ነው» አሉ ጸሐፊው።

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«አልሰጠሁም ልጄ።»

ምስክር ተጠራ። ምስክሯ ድንቡሼ ነበረች።

«አያትሽ ከረሜላ ሰጥተውሽ ያውቃሉ?»

«አዎ!»

«ምን ዓይነት?»

«ትልቅ! ውስጡ ውሻ ያለበት!»

የመጀመሪያው መልስ ተያዘ፤ ሁለተኛው ታለፈ። የልጃቸው ባል ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «አባባ፣ ክፉ አስበው እንዳላደረጉት እናውቃለን» አለ። ጸሐፊውን ከሁሉም የከነከናቸው ይኼ ነው፤ ሰውየው ለማጽናናት ነበር የተናገረው።

ችሎቱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። «እውነቱን ብቻ ንገረን፤ ማንም አይቆጣህም» እያለች ልጃቸው ዓይኗ ቀላ። ጸሐፊው በሥራ ዘመናቸው ስንቱ ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ሲያምን ጽፈዋል፤ በእያንዳንዱም፣ ምን ዓይነት ጅል ነው፣ እያሉ በልባቸው ታዝበዋል። አሁን ጀርባቸውን አሟቸዋል፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ልጃቸው ልታለቅስ ነው።

«እሺ» አሉ። «አንድ ሁለቴ ሰጥቼ ይሆናል።»

ልጃቸው አቅፋ ሳመቻቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አለች። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከድንቡሼ ጋር ለብቻችሁ አትወጡም አለች። ይቅርታውም ቅጣቱም በአንድ ትንፋሽ ተነበበ።

በማግስቱ እናትየው ልጅቷን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። «አያቷ ከረሜላ ይሰጧት ነበር፤ አምነዋል» ብላ ተናገረች። ሐኪሟ ካርዱ ላይ «ጣፋጭ» ብላ ጻፈች፣ አንዱን ጥርስ ነቀለች፣ ሁለቱን ሞላች፣ ጣፋጭ እንዲቀር አዘዘች። ያልነበረው ጣፋጭ ቀረ። ድንቡሼ ጠዋት ጠዋት በተዘጋው መስኮት ሥር አሻንጉሊቷን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። ፀሐይ ከፈለገች እዚህም አለላት ተባለ።

ሦስት ወር አለፈ። የመንጋጋ ጥርሶቿ ተቦረቦሩ። ከመኝታ ቤት ሳሎን ስትሄድ «እግሬን» እያለች መሃል ላይ መቀመጥ አመጣች። አንድ ቀን እናትየው ጸሐፊው ቤት መጥታ በሩ ደፍ ላይ እንደቆመች ይህን ነገረቻቸውና፣ «አባዬ፣ አሁንም ትሰጣታለህ እንዴ?» አለች።

«በምን በኩል? አራተኛ ፎቅ ድረስ ወርውሬ?»

እሷ ሳትስቅ ሄደች። እሳቸው ግን ትንሽ ሳቁና ድንገት ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ። ተከሳሽ ካመነ በኋላ ሌላ የሚፈልግ እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መዝገቡ ይዘጋል፤ እውነተኛው ሌባ እጁን ኪሱ ከቶ ይዞራል። የልጅቷን ጥርስ የሚበላው ነገር እስከ ዛሬ ያልተፈለገው እሳቸው ስላመኑ ነው። ጸሐፊው ፈሩ።

ጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ብቻቸውን ሄደው ጉንጫቸው ካበጠ ሕጻናት መሃል ወረፋ ጠበቁ።

«የትኛው ጥርስ ነው አባቴ?» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች።

«የኔ ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው። የመጣሁት ቃሌን ልለውጥ ነው።»

ጓንቷን አወለቀች። እሳቸው ሁሉንም በቅደም ተከተል፣ ቀንና ሰዓት ሳያጓድሉ አስረዱ። ከረሜላ አልነበረም፤ ደክሟቸው ነው ያመኑት። ሐኪሟ ካርዱን አስፈልጋ አወጣችና አነበበችው።

«ልጅቷ ፀሐይ ትሞቃለች?»

«እኔ ሳወርዳት ትሞቅ ነበር። ያ ሁለት ወር ብቻ ነው። አሁን በመስታወት ነው።»

«በመስታወት አይሆንም። ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚረዳውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። እግሯስ እንዴት ነው?»

ከልጃቸው የሰሙትን ነገሯት። ሐኪሟ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች። ቫይታሚኑ ሲያንስ አጥንት ብቻ ሳይሆን የጥርሱም ሽፋን ደካማ ሆኖ ሊያድግ ይችላል፤ ያኔ የዳቦና የወተት ጣፋጭነት እንኳ ሊያበላሸው ይበቃል አለች። ደም ትመርመር፣ የሕጻናት ሐኪምም ይያት ብላ ጻፈች።

«እኔም አምነዋል ሲሉኝ ሌላ አልጠየቅኩም» አለች ወረቀቱን እየሰጠቻቸው።

ጸሐፊው ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጥተው እውነቱን ነገሯት፤ እሷም ድንቡሼን አስመረመረቻት። ውጤቱ ሲመጣ የቫይታሚኑ ቁጥር በጣም ዝቅተኛ ነበር። ጠብታ ታዘዘ፣ ደጅ መውጣትም ታዘዘ። የተነቀለው አይመለስም፤ ድዷ ውስጥ ገና እየተሠሩ ላሉት ግን ጊዜ አለ ተባለ። ልጃቸው የውጤቱን ወረቀት ይዛ እሳቸው ቤት መጣችና ወንበር ሳትስብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ዋሸኸኝ አባዬ?»

«ልታለቅሺ ነበር።»

አሁን አለቀሰች። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያፋጠጥኩህ።»

«አይደለሽም» አሉ ጸሐፊው። ድምፃቸው ፍርድ ቤት ቃል ሲያነቡ እንደነበረው የተስተካከለ ነበር። «ከረሜላ አልሰጠኋትም። ሦስት ወር ከፀሐይ ያስቀረኋት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የማምነው።»

ልጃቸው ኮታቸውን አልብሳ፣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሜዳው ወሰደቻቸው። ድንቡሼ ከሞግዚቷ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እጅጌዋ ተሰብስቧል፣ ፊቷ ወደ ፀሐይ ነው። አያቷን ስታይ በፊት ጥርሶቿ መሃል ያለውን ክፍተት አሳየቻቸው።

«አያቴ፣ ዘገየህ» አለች።

ጸሐፊው አጠገቧ ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባቸው።

«አዎ» አሉ። «ዘገየሁ።»