ሸንኮራ ያልሆነው ችግኝ

ከወንጂ ሰው ሁሉ የቸኮሌት ነገር እንቅልፍ የሚነሳት ሀጂራን ብቻ ነበር። ጋና ውስጥ ቸኮሌት የሚሠራበት የካካዎ ዛፍ በበሽታና በሙቀት እያለቀ መሆኑን ስልኳ ላይ ካነበበች፣ አዳማም ሄዳ የቸኮሌቱን ዋጋ ካየች ወዲህ፣ «ሰው ሁሉ ተኝቷል» ማለት አበዛች።

ወደ ቴፒ ጭነት የሚያመላልሰው አጎቷ ጉተማ ሦስት የካካዎ ችግኝ ይዞላት መጣ። አንዱን እንኳ እስከ ሰኔ ካቆየች ሌላ እንደሚጨምርላት፣ ሁሉንም ከገደለች ግን የጎመን ዘር እንኳ እንደማያምናት ነገራት።

ሁለቱን የወንጂ ፀሐይ በሳምንቱ ጠበሳቸው። ሦስተኛውን ጓሯቸው ካለው ሙዝ ሥር አስጠግታ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ዳስ ሠራችለት። እናቷ «የሰርግሽን ዳስ ለቅጠል ጣልሽው» እያለች ብትስቅባትም፣ ችግኙ ግንቦትን አየ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳሱ የለም። ከችግኙ የቀረው ስንዝር የማይሞላ ጉቶ ነው። አባቷ ጋሽ ገመቹ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ገጀራቸውን ይጠርጋሉ። የቅጠሉን ጫፍ ጠውልጎ ቢያዩት አዘኑለትና፣ ሃያ ስድስት ዓመት በስኳር እርሻው ሸንኮራ አገዳውን ሲያደርጉት እንደኖሩት ከሥሩ ቆረጡት። ከረጢቱን አንሥተው ጉቶውን ለፀሐይ ሰጡት፤ ቦይ ቀድደውም ውሃ ለቀቁበት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሸንኮራ አይደለም።»

«ሥር የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው ያቆጠቁጣል።»

በክፋት ቢያደርጉት ቢያንስ ታኮርፋቸው ነበር፤ ወደዋት ላጠፉት ምን ብላ ትቆጣቸው? ውሃውን አጠንፍፋ ዳሱን መለሰችው። አባቷ ከሥራ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት «ወጣ?» ይላሉ፤ እሷም «አልወጣም» ትላለች። ሰኔ ሲገባ መጠየቃቸውን ተዉ። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ጉተማ መጣ። የጉቶውን ልጥ በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርገው ውስጡ ደርቋል። ወደ ሀጂራ ዞሮ ሊያሾፍባት አፉን ሲከፍት አባቷ ቀደሙት።

«እሷ አቆይታው ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አባቷ አጠፋሁ ሲሉ የሰማችበትን ቀን አታስታውስም። ጉተማ ፌዙን ትቶ ከመኪናው አራት ችግኝ አወረደ። ጋሽ ገመቹ ወዲያው ተነሥተው ጉድጓዱን ፀሐይ መሀል መለካት ጀመሩ፤ ቦዩም በየት በኩል እንደሚያልፍ በጣታቸው አሳዩ።

ሀጂራ እጇን ዘረጋችላቸው።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ገጀራውን።»